ከግንቡ በላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ግንቦት መጨረሻ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአቶ ሙሄዲንና ከልጃቸው ከቢልቂስ ጋር ተገጣጠምኩ። አቶ ሙሄዲን የላይኛው ጎረቤቴ ናቸው። የእኔ ቤት ከዳገቱ ሥር ነው፤ የእሳቸው ቦታ የሚጀምረው ከጓሮዬ በላይ ነው። በመካከላችን አፈሩ ወደ እኔ እንዳይናድ ባለቤቴ ወንድምአገኘሁ በሕይወት ሳለ የሠራው የድንጋይ ግንብ አለ።

አቶ ሙሄዲን በዚያ ቦታ ላይ ቤት እያሠሩ ነበር። ኮምቦልቻ የወረዱትም የወንድማቸውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ለማየት ነው። ወንድማቸው በጣም ጥልቅ አድርጎ ስላስቆፈረው፣ ዓመታት ቢያልፉም አልሞላም። እሳቸውም ያንኑ ለማድረግ ወስነው፣ ከግንቡ በላይ ባለው ጥግ ቁፋሮ አስጀምረዋል። የውሃ ምህንድስና የተማረችው ቢልቂስ ደግሞ ይህን ሐሳብ ልታስተዋቸው መንገዱን ሙሉ ስትሟገት ነበር።

«ስሚ እየሩስ» አሉኝ፣ «አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተማርኳት። ለካ የተማረችው ስለ ሽንት ቤት ነው።»

«አባ፣ ሽንት ቤት የማይሄድ ሰው ካለ ያሳዩኝና ዲግሪዬን ልመልስ» አለች።

ተሳፋሪው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልለወጡም።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ቢልቂስ በእርጋታ አስረዳቻቸው። የአጎቷ ቦታ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሰርጋል። የእኛ ግን ዳገት ነው፤ ከአፈሩ ሥር ድንጋይ ስላለ ውሃው በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተተ በጎን ይወጣል። ስለዚህ ሰዎች ሴፕቲክ ታንክ የሚሉት፣ የማያፈስ ገንዳ ይሻላል አለች።

«ውሃ መሬት ከገባ ጠፋ ማለት ነው» አሉ አባቷ። «ጉድጓድ የሚቆፈረው ለዚህ አይደል? በሲሚንቶ ደፍኜው በየጊዜው በመኪና የማስመጥጠው ለምን ብዬ ነው?»

ወደ እኔ ዞረው የማስበውን ጠየቁኝ። ግንቡ እንደሚያሳስበኝ ብቻ ነገርኳቸው።

«የወንድምአገኘሁ ግንብ የት ይሄዳል? ድንጋዩን አብሬው ነው የተሸከምኩት» አሉ። ወሬው በዚሁ አበቃ።

ቤት የሚሠራ ሰው ስለ በሩ ቀለም ከቤተሰቡ ጋር ይማከራል። ከቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ ውሃ ግን ከዓይኑ ከራቀ በኋላ ማን ጋ እንደሚደርስ አይጠይቅም። ዳገት ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ከታች የሚኖር ሰው አለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ቢልቂስ አባቷን አንድ ነገር ለመነቻቸው። የተጀመረው ጉድጓድ ለግንባታው በመጣው የቦቴ ውሃ ይሞላ፤ ውሃው የእውነት ከጠፋ እሷ ሁለተኛ አትናገርም። ተስማሙ። በማግስቱ ጉድጓዱ ባዶ ነበር።

«አየሽ፣ ጠፋ» አሉ ደስ ብሏቸው።

ቢልቂስ ወደ እኔ ቤት ይዛቸው ወረደች፤ ግንቡን ከታች በኩል ለማየት ፈለገች። የጓሮውን በር ከባለቤቴ ቀብር ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። ቁልፉን ፈልጌ ከፈትኩላቸው።

ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እየተንጠባጠበ ነበር። የግንቡ ሥር ጭቃ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ አንድ ቦታ ወደ እኛ ተነፍቷል። አቶ ሙሄዲን መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ፤ አነሱና የረጠበውን እጃቸውን አዩ። ከዚያ ከግንቡ እስከ ቤቴ መስኮት ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ።

«የምትተኚው እዚያ ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ሙሄዲን።»

«አስተግፊሩላህ» አሉ። «ገና ክረምት እንኳ አልገባም።»

ቢልቂስ ረታሁ አላለችም። «አባ፣ አገር ቤት ቢስቲማ ሲያርሱ እርከኑን በየት በኩል ነበር የሚሠሩት?» ብላ ጠየቀች።

«አግድም ነዋ። ቁልቁል ከሠራሽው ጎርፉ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።»

«እኔም የምለው ያንኑ ነው።»

እቅዷን በእንጨት ጫፍ ጭቃው ላይ ሣለችላቸው። ገንዳው የመምጠጫ መኪናው ቱቦ በሚደርስበት በመንገዱ በኩል ይሆናል። ደረቁ ቆሻሻ እዚያው ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ውሃ፣ ከበታቹ ቤት በሌለበትና አፈሩ ጠለቅ ባለበት ወገን፣ እንደ እርከን አግድም በተቆፈሩና ጠጠር በለበሱ ቦዮች ቀስ እያለ ይሰርጋል።

አቶ ሙሄዲን ጎንበስ ብለው ሥዕሉን ተመለከቱት። «አንድ ነገር ግን አለ» አሉ። «ለሶላት የምንታጠብበት የውዱእ ውሃ ከሽንት ቤት ጋር አይቀላቀልም። በዚህ አልደራደርም።»

ቢልቂስ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ጭቃው ላይ ሌላ መስመር ጨምራ፣ የውዱኡም የልብስ ማጠቢያውም ውሃ በራሱ ቱቦ ወደ አትክልቱ ቢሄድ ገንዳው ቶሎ እንደማይሞላ ተናገረች።

«እንግዲያው ዲግሪውን ተካፍለናል» አሉ አቶ ሙሄዲን።

ጉድጓዱ በዚያው ሳምንት ተደፈነ። የተነፋውን የግንቡን ክፍል እሳቸው ራሳቸው ቆመው አሳደሱልኝ። እኔ የለመንኳቸው ድንጋዩን እንዳይቀይሩት ብቻ ነው፤ ያንኑ ድንጋይ በየቦታው መለሱት።

አሁን መስከረም ነው፤ ገንዳውም ቤቱም አልቆ ጎረቤቶቼ ገብተውበታል። ከላይ ሽታ አይመጣም፤ የአቶ ሙሄዲን ጎመንና ሰላጣ ከውዱእ ውሃ ይጠጣል። እሳቸውም ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉ፣ ከመቆፈሩ በፊት ወደ ታች ወርዶ የጎረቤቱን ግንብ እንዲነካ ይመክራሉ። ግንቡ ክረምቱን ሙሉ አላንጠባጠበም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ አየዋለሁ፤ የጓሮውን በር መቆለፍ ትቻለሁ።