ከሰዓት በኋላ ያለውን አየር የለኩ ሰው

ዛሬ ለመሸኘት የተሰበሰብንላቸው ወንድማችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ጋሽ ነፋስ» በሚል ቅጽል የሚታወቁት፣ የአውቶቡስ መካኒክ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ከዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት በፊት ተወለዱ። እናታቸው አጥበው ያሰጡት ነጭ ልብስ ገና ሳይደርቅ በጥላሸት ይጠቁር ስለነበር፣ በልጅነታቸው ገመዱ ሥር ቆመው ጥቁሩ ከየት እንደሚመጣ አባታቸውን ሲጠይቁ፣ «እኛን የሚያበላን ነው፤ ዝም በል» ተብለው እንደነበር ታላቅ እኅታቸው እስከ ዛሬ ያወሳሉ።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ከሠለጠኑ በኋላ፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው በከተማዋ የአየር ጥራት መለኪያ ቢሮ በቴክኒሺያንነት ተቀጠሩ። የሥራ ቦታቸው በአደባባዩ ዳር የቆመች፣ ሁለት ሰው ተጋፍቶ እንኳ የማይቆምባት የቆርቆሮ ክፍል ስትሆን፣ በጣሪያዋ በወጣው ቀጭን ቱቦ አየር እየተሳበ ገብቶ፣ አንደኛው መሣሪያ ከመኪና ጭስ የሚወጣውን ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ኦዞን የተባለውን ሳንባ የሚያቆስል ጋዝ ይለካ ነበር። ሰኞ ሰኞ ማጣሪያውን ይለውጣሉ፣ መሣሪያዎቹን ይፈትሻሉ፣ በወሩ መጨረሻም ሪፖርቱን ይፈርማሉ። ሻይ ሊጠጡ በተቀመጡበት ሁሉ ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ሳያዩ ብርጭቆ አያነሱም ነበርና ቅጽላቸው ከዚያ መጣ። የናይትሮጅኑ ቁጥር ሁልጊዜ ከፍተኛ፣ የኦዞኑ ግን ሁልጊዜ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ቢሮው በሙሉ፣ እሳቸውም ጭምር፣ ይህች ከተማ የኦዞን ችግር የለባትም ብለው አመኑ።

በአደባባዩ ማዶ በነበረው መድኃኒት ቤት የሚሠሩትን ባለቤታቸውን ያገኙት፣ የመለኪያው ፓምፕ ድምፅ ራሴን አዞረው ብለው ሊከሱ በመጡ ጊዜ ነበር። ክሱ በጋብቻ ተዘጋ፤ ትዳሩም በአንዲት ሴትና በአንድ ወንድ ልጅ ተባረከ። ሴቷ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሆናት ደረቷ ማፏጨት ስለጀመረና የአደባባዩን ቁጥር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ከከተማው ዳር፣ ዛፍ ወደበዛበትና መኪና ወደማይበዛበት ሰፈር ወጡ። «ልጄን ከጭስ አወጣኋት» እያሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ የሄዱት ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነበር።

ልጅቱ ሩጫ ወዳድ ነበረች፤ በትምህርት ቤቷም ስፖርት የሚሠራው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ማታ ስታስል ሹራብ ስለማትለብስ ነው እያሉ ይቆጧት ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ፀሐዩ በበረታበት አንድ ቀን ሜዳው ላይ ወደቀች፤ አሥራ አንድ ቀንም በሐኪም ቤት ተኛች። ያን ጊዜ ባለቤታቸው፣ ከሚሠሩበት መድኃኒት ቤት የትንፋሽ መድኃኒት የሚገዙት ሰዎች የአደባባዩ ነዋሪዎች ሳይሆኑ የእነሱ ሰፈር ሰዎች መሆናቸውን ነግረው፣ «አንተ የምትለካው ወዲህ፣ ሰው የሚታመመው ወዲያ» አሏቸው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የከተማውን አየር ሲለኩ የኖሩት አባት በገዛ ደጃቸው የነበረውን አየር አንድ ቀን አልለኩም ነበር።

ስለዚህ ከቢሮው መጋዘን ተጠባባቂውን የኦዞን መለኪያ ማንንም ሳያስፈቅዱ አውጥተው፣ በልጃቸው ክፍል መስኮት ላይ ተክለው፣ አንድ በጋ ሙሉ በየሰዓቱ መዘገቡ። ሁለቱን መዝገብ አስተያይተው የተረዱትም ይህን ነበር፦ በአደባባዩ ላይ ትኩሱ የመኪና ጭስ ኦዞኑን ራሱ ይበላዋል፤ ያው ጭስ በነፋስ ተገፍቶ ከከተማ ሲወጣ ግን በፀሐይ እየበሰለ ንጹሕ በሚመስለው ሰፈር ላይ ኦዞን ይሆናል። በልጃቸው መስኮት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚታየው ቁጥር የአደባባዩን ሦስት እጥፍ ነበር።

ይህንን ይዘው ወደ ኃላፊያቸው ቢሄዱ ያገኙት መልስ፣ «መሣሪያው ያለ ፈቃድ የወጣ ስለሆነ፣ ቁጥሩም ያለ ፈቃድ የወጣ ነው» የሚል ሆነ። መሣሪያው ተመልሶ ተቆለፈበት፣ ለእሳቸውም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ቢሮውን ትተው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው፣ የስፖርቱ ሰዓት ከዘጠኝ ሰዓት ወደ ጠዋት ሦስት ሰዓት እንዲዛወር ብቻ ለመኑ። ርዕሰ መምህሩም ከመሳቢያቸው የቢሮውን ወርኃዊ ሪፖርት አውጥተው «ኦዞን፦ ዝቅተኛ» የሚለውን ካሳዩአቸው በኋላ፣ ከሥሩ ያለው ፊርማ የማን እንደሆነ ጠየቋቸው። ፊርማው የእሳቸው ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱን የሰጡት ግን እሳቸው ነበሩ።

ከዚያም በኋላ ልጆች ማሳደግ ነበረባቸውና፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንኑ ሪፖርት በየወሩ ፈረሙ። «ቁጥሩ እውነት ነው፤ ውሸቱ ቦታው ነው» ይሉ ነበር፤ ይህን ብለው ግን አንድም ቀን ተጽናንተው አያውቁም። ከጡረታ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከትምህርት ቤቱ በር ላይ እየቆሙ ያስላሉ ያሏቸውን ልጆች እንዳይሮጡ ሲመክሩ፣ ዘበኛው ሦስት ጊዜ አባርሯቸዋል።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታሞ፣ አምስት ወር በኦክሲጅን ከቆዩ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከምን እንደመጣ በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጣችሁ የቢሮው ተወካዮች፣ በአበባው ላይ «ታማኝ አገልጋያችን» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ ታማኝነታቸው ምን እንዳስከፈላቸው የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና እኛን ወንድምና እኅቶቻቸውን ትተው አልፈዋል። በዚያ ሜዳ ልጆች አሁንም የሚሮጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህንን ዜና ሕይወት የጻፈችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ራሷ ልታነብላቸውም ወስና ነበር፤ ትናንት ቤት ውስጥ ስትሞክረው ግን ትንፋሿ ከሁለተኛው አንቀጽ አላለፈላትም፣ ስለዚህ እኔ ታናሽ ወንድማቸው አነበብኩት። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም ትንፋሽ ይስጥልን።