ፒያሳ ደርሰን አንወርድም ያልን ዕለት

ታክሲያችን ፒያሳ ደርሶ ቆሟል፤ የሚወርድ ግን የለም። ሬዲዮው ነዋ የያዘን! ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ጀምሮ የልቦለድ ትረካ እየሰማን ነው የመጣነው። አንዲት ልጅ ግድያ አይታለች፤ ነገ ፍርድ ቤት ቀርባ ልትመሰክር ነው። የገዳዩ ሰዎች ቤቷን ደርሰውበታል፤ የሚወዳት ልጅ ደግሞ «ይቅርብሽ፣ ዛሬውኑ እንጥፋ» እያለ ይለምናታል። «ትጥፋ እንጂ! ለሞተ ሰው ብላ ልትሞት ነው?» አልኩ እኔ፣ አፌ መች ያርፋል። ሾፌሩም «እውነቷን ነው» አለ።

ጋቢና ከባለቤታቸው ጋር የተቀመጡ አሮጊት ዞር እንኳ ሳይሉ «አትጠፋም» አሉ።

«አንብበውታል እንዴ፣ እማማ?» አላቸው ሾፌሩ።

«አላነበብኩትም። እኔም ግን መስክሬያለሁ። በወጣትነቴ ጎረቤታችንን ሰው ሲገድላት አይቼ።»

ወደ ጋቢናው ጠጋ አልኩ።

«አልፈሩም?» አልኳቸው።

«እንዴት አልፈራ! ግን የሟቿን እናት ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አገኛት ነበር። ዝም ብዬ በምን ዓይኔ ልያት?»

ባለቤታቸው ቀድመው ወረዱና እጃቸውን ዘረጉላቸው። አሮጊቷን ደግፈው እያወረዱ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«እኔም ያኔ እንጥፋ ብዬ ለምኛት ነበር፣ ልጄ። እምቢ ስትለኝ ነው ሽማግሌ የላክሁት።»

ልቦለዱ እንዴት እንዳለቀ አትጠይቁኝ። ሬዲዮው ሲተርክ፣ እኛ በመስኮት እነሱን ነበር የምናየው።