ከቱቦ የወጡት መርሻዎች

ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ቆሎ የሚሸጡት ጋሽ መርሻ፣ ወሬ ከጀመሩ ዝንጀሮ ጠምደው ያርሳሉ ይባልላቸዋል። ዘንድሮ ግን ማጋነን የማያስፈልገው ነገር ደረሰባቸው፤ የሐምሌ ጎርፍ ሱቃቸው ገብቶ ሁለት ጆንያ ገብስ አበላሸባቸው። አንድ ጊዜ ከደገመ ሱቁ መዘጋቱ ነው።

በማግስቱ ውሃውን በመጥረጊያ ሲገፉ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ የምትማረው የጎረቤታቸው ልጅ ኤዶም በዚያ ስታልፍ አገኘቻቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን ጉድ ነው?»

«ቱቦው ነዋ ልጄ፤ ጠራጊ አጥቶ።»

«ጠራጊስ ነበረው፤ ጣዩ በዛ እንጂ» አለች፣ መደርደሪያውን እያየች። እዚያ ላይ የጋሽ መርሻ አዲሱ ኩራት ተደርድሯል፦ ቆሎው በሚያብረቀርቅ ከረጢት፣ ከረጢቱ በካርቶን፣ ካርቶኑ በላስቲክ። በከረጢቱ ላይ ደግሞ ባርኔጣ ያጠለቁ ጋሽ መርሻ ራሳቸው ይስቃሉ። «ለአንድ እፍኝ ቆሎ ሦስት ልብስ? ድሮ እኮ በብርጭቆ ሰፍረው በሰው ዕቃ ነበር የሚገለብጡት።»

«ድሮማ ድሮ ነው። የዛሬ ሰው የሚያብረቀርቅ ይወዳል፤ ይህን ብተው ደንበኛዬ በሙሉ ሱፐርማርኬት ነው የሚገባው። ደግሞ ይሄ መልክ ለልጅ ልጅ ይቆያል ብለውኛል አታሚዎቹ።»

«እሱን እንኳ አልዋሹዎትም።»

«ባዶውን ቆራሌ ይወስደዋል። ቆራሌ የማይገዛው የለም፤ እኔ የጎረቤት ውሻ ጩኸት ሸጬለታለሁ። ውሻው ከዚያ ወዲህ ጮኾ አያውቅም።»

እግዜር ሲያገናኝ፣ ቆራሌው ኑሪ ጆንያውን ተሸክሞ ከማዶ ይጣራል። ጠሩት። ጀሪካኑን ወሰደ፤ የተሰበረውን ጃንጥላ ወሰደ፤ አንድ እግር ጫማ እንኳ አልናቀም። ከረጢቱን ግን በጣቱ አሽቶ መለሰው።

«ይሄ ይቅርብኝ ጋሼ። ፎይልና ላስቲክ ተጣብቆ ነው፤ የሚረከበኝ የለም።»

«ብመርቅልህስ?»

«ቢመርቁልኝም።»

ጋሽ መርሻ ከረጢቱን ተቀብለው ገለባበጡት።

«የት እንደሚገባ ላሳይዎት» አለና ኑሪ የቱቦውን ክዳን አንስቶ በብረት ዘንግ ጎተተ። አንድ መርሻ ወጣ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይስቃል። ሁለተኛ መርሻ ተከተለ፤ ሦስተኛ፤ ሠላሳኛ። ሁሉም ባርኔጣቸውን እንዳጠለቁ ናቸው። የታቆረው ውሃ ያኔ ጓ ብሎ ወረደ።

ሰው ጠላቱን ሲፈልግ ሩቅ ሩቅ ያያል፤ ጋሽ መርሻ ግን ጠላታቸውን በመልኩ ለዩት።

«ለካ ሱቄን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ምን ይሻለኛል ልጄ?»

«ዕቃ ይዞ ለመጣ አንድ እፍኝ ይመርቁለት። ምራቂ የሚጠላ አራዳ የለም።»

እንዳለችውም ሆነ። ጣሳ የያዘ መጣ፣ ዘንቢል የያዘች መጣች፣ አንዱ ብልጥማ ድስት ይዞ ተሰለፈ። ለከረጢት ይወጣ የነበረው ገንዘብ ጥሩ ገብስ ተገዛበት። የነሐሴ ዶፍ ሲወርድም ጎርፉ ሱቁን እያየ በቱቦው አለፈ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ደጅም ደረቅ ሆኖ ዋለ። ጋሽ መርሻ በር ላይ ቆመው «ተመስገን» አሉ፤ ኤዶምንና ኑሪንም በየስማቸው መረቁ።

ከከረጢቶቹ አንዱን አጥበው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ምንድን ነው ሲባሉ፣ «ይሄ ሰውዬ ቱቦ ውስጥ ከርሞ ሳይበሰብስ ወጣ» ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ዕድሜ ልካቸውን ካወሩት ሁሉ ሳያጋንኑ የተናገሩት ግን ይህን ብቻ ነው።