ከነላስቲኩ

ታክሲያችን ከካዛንቺስ ሲነሳ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ሰው ትኩር ብለው አዩት።

«ክረምት ላይ በራችን ፊት ለፊት ችግኝ የተከላችሁት እናንተ ናችሁ አይደል?»

«አዎ እናቴ፣ የኛ ቡድን ነው።»

«ከመስከረም ጀምሮ በየማታው አጠጣሁት። ደረቀ።»

«በቃ፣ አንዳንዱ አይጸድቅም።»

«ዛሬ ነቅዬ ባየው፣ ሥሩ ከነላስቲኩ ነው የተቀበረው።»

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ለምን አላወለቃችሁለትም?»

«ማለቴ፣ ፎቶ አንሺው ቸኩሎ ነበር።»

«እኔ ላስቲክ ነዋ ሳጠጣ የከረምኩት።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ሌላ እንተክልልዎታለን።»

«እስከ ኦሎምፒያ ያለውን ሁሉ እንዲህ ነው የቀበራችሁት?»

«ወራጅ አለ» አለ ሰውየው።

እኔም በዚያው ክረምት ከመሥሪያ ቤት ወጥተን ስንተክል ከችግኙ ላይ ላስቲኩን ማውለቄን ለማስታወስ ስሞክር መውረጃዬን አለፍኩ።