የእናታቸውን መቃብር ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያኑ የመለሱት ዶኛ ኤዱቪሂስ አሪፒ

ዶኛ ኤዱቪሂስ አሪፒ፣ ከአባታቸው ከዶን ሊሳንድሮና ከእናታቸው ከዶኛ ብራውሊያ፣ በፓራጓይ ምድር፣ ለፓራና ወንዝ ቅርብ በሆነችው በዚህችው በሳንታ ሮሳሊያ መንደራችን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት መሠረትም ሆነ ፊደል የቆጠሩበት ትምህርት ቤት ደረጃ፣ ጓራኒዎቹ አያቶቻችን ለስፔን ሚሲዮናውያን ጠርበው ያቆሙት፣ ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ ወዲህ ጣሪያው የወደቀው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ቀይ ድንጋይ ነበር፤ በመንደራችን ከዚያ ፍርስራሽ ያልወሰደ ቤት የለምና።

ዶን ፋቢያን ሮሎንን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ካፈሩ በኋላ ባለቤታቸው በሞት ስለ ተለዩአቸው፣ የፍርስራሹ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ግድግዳው ከዓመት ዓመት እያጠረ ሲሄድ አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውምና፣ በየደጃፉ እየዞሩ ድንጋዩ እንዲመለስ ይለምኑ ጀመር፤ ምድጃውን ወይም የአሳማ ጋጣውን አፍርሶ የሚሰጥ ግን አልተገኘም። ሲመጡ የሚያይ ሁሉ በሩን ይዘጋ ነበር።

አንድ እሑድ ታናሽ ወንድማቸው ዶን ሲፕሪያኖ በሰው ፊት፣ «እቴ፣ የሰው ምድጃ ከማፍረስሽ በፊት እስቲ ከእማማ መቃብር ጀምሪ» አሏቸው። በዶኛ ብራውሊያ መቃብር ላይ የቆመው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አናት የወረደ፣ መልአክ የተቀረጸበት ድንጋይ ነበርና፣ ወንድምየው ይህን ያሉት የእኅታቸውን አፍ ለማስያዝ እንጂ ይደረጋል ብለው አልነበረም። ዶኛ ኤዱቪሂስ ግን በማግሥቱ በሬ ጠምደው ሄዱ፤ ድንጋዩንም በጋሪ አስጭነው ወሰዱ፤ በስፍራውም የእንጨት መስቀል ተከሉ።

መንደሩ አፈረ፤ እያጉረመረመም ቢሆን የወሰደውን መለሰ። መልአኩ ዛሬ በበሩ አናት ላይ ነው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ሁሉ ፎቶ ያነሣዋል። ዶን ሲፕሪያኖ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ እኅታቸው እስካረፉበት ዕለት ድረስ፣ አላነጋገሯቸውም።

መስቀሉን ምስጥ በላው፣ አፈሩንም ዝናብ ደለደለው፤ ዶኛ ኤዱቪሂስ በየዓመቱ በሙታን ቀን ሻማ ይዘው መጥተው፣ የት እንደሚያበሩት ጠፍቷቸው ሲንከራተቱ ብዙዎቻችን አይተናል። አንዳንዶቻችንም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ የእጃቸውን አገኙ ብለናል። ኋላም በኩላሊት ሕመም ለረጅም ጊዜ ተኝተው ሳሉ የለመኑን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእናታቸው ጎን እንድንቀብራቸው ነው።

ትናንት ዶን ሲፕሪያኖ ማንም ሳይጠራቸው አካፋ ይዘው መጡ፤ አንዴ ከአጥሩ፣ አንዴ ከብርቱካኑ ዛፍ እየለኩ ሲመላለሱ ውለው አንድ ቦታ መረጡና ቆፈሩ። እርሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም፤ እኛም አይደለንም።

ዶኛ ኤዱቪሂስ በተወለዱ በሰማንያ አራት ዓመታቸው አርፈው፣ ሁለት ሴቶች ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድም ትተዋል። የሙታንን ሁሉ ስፍራ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እኛ ፈልገን ካጣናቸው ከእናታቸውም ጋር በመንግሥቱ ያገናኛቸው። አሜን።