የማን ጣት ነው?

— ሄሎ? ... ማን ልበል? ... ውይ፣ ማኅሌት! ልጄ፣ ደሴ ሰላም ነው? ... እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ። ... ትሰሚኛለሽ? ቆይ ወደ በሩ ልጠጋ፣ እዚህ ጓዳ ውስጥ ኔትወርኩ ይጠፋል።

ሸጌ ግን ወደ በሩ አልተጠጋችም። ላሊበላ፣ ገበያው ዳር ባለችው ምግብ ቤቷ ጓዳ እንደተቀመጠች፣ ፊት ለፊቷ ማር ከነሰፈፉ በእጁ እየቆረሰ ለሚያቀብላት ሰው ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም» የሚል ምልክት ሰጠችው።

— ስኳሬ? ጧት ለካሁት እኮ! ዘጠና ስምንት። ... መሣሪያውን ያመጣሽልኝ አንች፣ የማታምኝው አንች! ... አዎ፣ ምንም ሳልቀምስ ነው የለካሁት። ... የቁርጥማቴንም ኪኒን አልተውኩም፣ ጧት ጧት ከቁርስ ጋር እውጣለሁ። እሱን ብተው ማን ያነሳኛል? ዛሬ ቤተ ማርያም ደርሼ ደረጃውን ያለምርኩዝ ነው የወጣሁት። ሰው ሁሉ «ሸጌ፣ ምን በልተሽ ነው እንዲህ ጉንጭሽ የሞላው?» ይለኛል። ... ኪኒኑ ነው የሚያሳብጠው? ይሁና። እኔ ለሰው «ጠበሉ ነው» ብያለሁ፣ አታሳጭኝ።

— ... ምን? ... ቆይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ጧት የምውጠው ኪኒን ስኳሩን ከፍ የሚያደርገው ከሰዓት በኋላ ነው? ... ጧት ብለካው ደህና ነው የሚመስለው? ... ታዲያ እስከ ዛሬ ጣቴን የወጋሁት በከንቱ ነዋ! ... አሁን? አሁን ልለካ? ... ማኅሌት፣ እንግዳ አለብኝ። ... የምን እንግዳ ይሆናል፣ ከሙጃ የመጣ ማር ሻጭ ነው። — ይቀመጡ ጋሼ ፈንታው፣ ልጄ ናት! — ... ኧረ አልበላሁም! ማር በዐይኔም አላየሁ!

ይኸን ብላ አፏ ውስጥ የቀረውን ዋጠች።

— ስልኩን ሳልዘጋ ልለካ? ... ከፍ ካለ ነገውኑ መጥተሽ ደሴ ትወስጅኛለሽ? ... እስኪስተካከል ድረስ? ወይ ጉዴ! ምግብ ቤቱንስ ማን ይይዘዋል? ... እሽ፣ እሽ፣ አትቆጭ። መሣሪያውን ላምጣ።

ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች።

— ፈንታው፣ ጣትህን ወዲህ በል። ... ምን ያስፈራሃል፣ ንብ ሲነድፍህ የምትውል ሰውዬ! ገደል ስትወጣ ስትወርድ የኖርክ፣ አንተ ምን ስኳር አለብህ። ነገ ደሴ ከወሰደችኝ የእሁዱ ሽማግሌህ ባዶ ቤት ነው የሚያገኘው። ... እንደሱ። ጎበዝ።

— ሄሎ፣ ማኅሌት? አለሁ። ወጋሁት። ... አዎ፣ ሲያመኝ «ወይኔ» ስል ሰማሽኝ? ... ድምፄ የጎረነነው ጉንፋን ይዞኝ ነው። ... ይኸው እየቆጠረ ነው። ... አራት መቶ ... ቆይ መነጽሬን ላድርግ ... አራት መቶ ስልሳ ሁለት ይላል።

ሸጌ ፈንታውን አየችው። ፈንታው ጣቱን አየ።

— ሄሎ? ... አታልቅሽ! አታልቅሽ ልጄ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም! ... ራሴንም አላዞረኝም። ... የምን አምቡላንስ! ... ፈንታው፣ ተቀመጥ! እንዳትወድቅብኝ! ራስህን አዞረህ? ውሃ ጠጣ፣ አይዞህ፣ አትሞትም። ... ሄሎ? ... «አንተ» አልኩት እንዴ? ... እ ... እሽ፣ ልንገርሽ፣ ግን አትቆጭ። ጣቱ የኔ አይደለም። ... የማን ጣት ነው ትላለች! የሰው ጣት ነዋ! ... አዎ፣ የማር ሻጩ። ... ሳቂ፣ አንች ሳቂ፤ ሰውዬው እዚህ ነፍሱ ልትወጣ ነው!

— ... እጁን? ... ፈንታው፣ እጅህን ታጥበሃል? ... ጧት አይደለም፣ ማሩን ከነካህ ወዲህ! ... አልታጠበም። እስከ ክርኑ ማር ነው። ... ማሩን ነው የለካነው? ... አንተ! «ስኳር ያልገባበት ንጹሕ ማር» ብለህ አልነበር? መሣሪያው መሰከረብህ! ሂድ፣ በሳሙና ታጠብና አድርቀው።

— ... ሄሎ፣ አለሁ፣ አልዘጋሁም። ... አሁን ዘጠና አንድ። ... እንዴት ነው አሁን? ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፣ ቅድም ሲናዘዝ የነበረው ሰውዬ!

— ... የኔን? ... ማኅሌት፣ ለዛሬ ይብቃን። ... በአባትሽ አፅም? ይኸ እንኳ ግፍ ነው። ... እሽ። ልታጠብ። ... በሳሙና፣ አዎ።

አሁን ስልኩን በመዳፏ አልሸፈነችም።

— ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት። ... የኔው ነው። የኔው ጣት። ... ዝም አትበይኝ፣ ብትቆጭኝ ይሻለኛል። ... አዎ፣ ውሃ ይጠማኛል፣ ቶሎ ቶሎም ወደ ውጭ እላለሁ። የበርበሬው መስሎኝ ነበር። ... አዎ። ፈርቻለሁ። ... ኪኒኑን ልተወው? ... በድንገት ካቆምኩት ሌላ ጣጣ ያመጣል? ... ሐኪሙ ራሱ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል፣ ለስኳሩም መድኃኒት ያዝዝልኛል። እሽ። ... ታዲያ ሲቀንሰው ጉንጬ ይጎድላል? ... አትሳቂ!

— ፈንታው፣ ና ስማ። ይኸ ጉንጭ የኪኒን ነው። የጠበሉም፣ ያንተም ማር አይደለም። ሊጎድል ነው፣ ከእሁድ በፊት እወቀው። ... ምን አልክ? ... ማኅሌት፣ ሰማሽው? «እኔ ዐይኔን የጣልኩብሽ በምርኩዝ ስትሄጅ ነው» አለኝ። ... እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማር ሻጭ መቼም አፍ አያጣ።

— ... እሁድማ ሽማግሌ ነው። ... ለማን ይልካል? አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ላንች ነዋ! እናትሽን የምትድሪ አንች ነሽ። ... ሐኪም ሳያየኝ ሽማግሌ የለም? ... ደሴ ድረስ? ... ፈንታው፣ ሽማግሌዎችህ ደሴ ይምጡ አለች፣ አውቶቡስ ይችላሉ? ... አንደኛው ገና ጋሸና ሳይደርስ ያስመልሰዋል። ... በሌላ ሰው ይቀየራል፣ ይቀየራል። ... ጥሎሽ ማር እንዳይሆን? በግ ይሁን? ... በግ ብላለች!

— እሽ ልጄ፣ ነገ እጠብቅሻለሁ። ልብሴንም አዘጋጃለሁ። ... የተረፈውን ማር? ... ዛሬውኑ ከቤት ይወጣል። ... ደግሞ በአባትሽ አፅም? ... ሄሎ? ... ኔትወርኩ ... አልሰማሽም ... ሄሎ?

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ሸጌ ስልኩን ዘጋች፤ የማሩን ሳህን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ በአንድ ጣቷ ወደ ፈንታው ገፋችው።

— ውሰድልኝ። ... ቁራሿንም ጭምር። ... ስትመለስ እጅህን ታጠብ።