የመምህር ካንግ የመጀመሪያ ሳምንት ፈተና

ጡረታ የወጡት መምህር ካንግ ወንዙን ለመሻገር ጀልባ ላይ ሲወጡ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከሉዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሉዋ አሁን የሕፃናት አስተማሪዎችን ታሠለጥናለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው። መንታ የልጅ ልጆቻቸው ስድስት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ የትምህርት ቤት ምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዛሬ ነው። የሚያስመዘግቡት ግን ወንዱን፣ ኮይን ብቻ ነበር። ኮይ በአራት ዓመቱ ማንበብ ጀምሯል። እኅቱ ንጋ እስከ አሥር መቁጠር ገና ያቅታታል፤ ቤት ቀርታ የአበባ ችግኝ ብታጠጣ ይሻላታል ብለው ቆርጠዋል።

መምህር ካንግ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስተምሩ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ፊደል ጽፈው የለየውን ከፊት፣ ያልለየውን ከኋላ ያስቀምጡ ነበር። አንድም ቀን የተሳሳቱ አይመስላቸውም። እርግጠኛ ሰው እንቅልፍ አያጣም፤ እንቅልፍ የምታጣው ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እናት ናት።

“በስድስት ዓመቱ ጉብዝና ያልታየበት ልጅ በአሥራ ስድስቱም አይታይበትም” አሉ። “ባይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።”

“አይተዋል፣ መምህር። ግን ከኋላ ያስቀመጡትን ልጅ ደብተር አርመው ያውቃሉ?”

ተማሪው ስልሳ ነበር፣ ጊዜ አልበቃኝም አሉ።

“ታናሽ ወንድሜ ታክ አንድ ዓመት ሲሞላው፣ ሕፃን የሚያነሳው ዕቃ የወደፊት ሥራውን ያሳያል በሚለው ወግ መሠረት ብዕርና መቀስ በትሪ ቀረበለትና መቀሱን አነሳ። እናቴ ልብስ ሰፊ ይሆናል ስትል እርስዎ ሳቁባት። የአንድ ዓመት ሕፃን ምን ያውቃል አሏት። ከአምስት ዓመት በኋላ የራስዎን ትሪ አቀረቡለት። ፊደል ተሞላበት እንጂ ያው ትሪ ነው።”

መምህሩ ተቆጡ። ፊደልና መቀስ አንድ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

“አንድ አይደለም” አለች ሉዋ። “ቀድሞ ያነበበ ልጅ በኋላም ሊጎብዝ ይችላል፤ አልክድም። ግን ፈተናው ልጁ ዛሬ የት እንዳለ እንጂ የት እንደሚደርስ አይናገርም። ታክ ፊደሉን ያልለየው ሰሌዳው ስላልታየው ነው። እርስዎ ደግሞ ይባስ ብለው ወደ ኋላ ወሰዱት። በዘጠኝ ዓመቱ እኔ ደደብ ነኝ ብሎ ትምህርቱን ተወ። መነጽር ያደረገው በሃያ ሦስት ዓመቱ፣ ጡብ ተሸካሚ ከሆነ በኋላ ነው።”

መምህር ካንግ አንገታቸውን ደፉ። የመንቶቹ አባት፣ የገዛ ልጃቸው፣ በአራት ዓመቱ አንባቢ ነበር፤ አሥረኛ ክፍልን ግን አልጨረሰም። ያንን ለሰው ሁሉ የጓደኛ ክፋት ነው ሲሉ ኖረዋል። አሁን አፈሩ። ከጀልባው ሲወርዱ ሁለቱንም አስመዘግባለሁ አሏት፤ እሷም እስከ ትምህርት ቤቱ አብራቸው ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ የፊት ወንበር ተማሪያቸው የነበረ ሰው ነው። ብድግ ብሎ ተቀበላቸውና ልጆቹ ፊደል ይለዩ እንደሆነ ጠየቀ። ወንዱ ይለያል፣ ሴቷ ገና ናት አሉት። ኮይን የፊት ወንበር ልጆች መዝገብ ላይ፣ ንጋን የኋላ ወንበሮቹ ላይ ጻፈ።

“ሥርዓቱ የእርስዎ ነው፣ መምህር። አንድም ነገር አልለወጥንም።”

ተሳስቼ ነበር አሉት። ልጆቹ ተቀላቅለው ይቀመጡ፣ ዓይንና ጆሯቸው ይመርመር፣ የዘገየው የበለጠ ይረዳ፣ በየመንፈቁም እንደገና ይታይ፤ እንዲህ ቢሆን አገሩ ብዙ ሰው ያተርፋል አሉ። ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት ፈገግ እያለ አዳመጣቸውና ትሕትናቸውን አመስግኖ እስከ በር ሸኛቸው። መዝገቡን አልነካም።

“አይሰማኝም” አሉ ለሉዋ። “ስናገር ያየኛል፣ ግን አይሰማኝም።”

“እርስዎም እናቴን እንዲህ ነበር የሸኟት” አለች ሉዋ። “ታክን ወደ ፊት ወንበር ያምጡልኝ ብላ የመጣች ቀን።”

መምህር ካንግ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ ዞረው እንደገና በሩን አንኳኩ።